በእኔ ቁመት የተለካው

ሰኞ፣ ኖቬ. 3፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ስሊፒንግ ባጉን፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ ለሱቁ አልመለስኩም። መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ደረሰኙ አለ። ያጣሁት ጉልበት ነው። ቀኑን ሙሉ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ስነዳ ውዬ ደግሞ ሱቅ ሄጄ ልሰለፍ?

ደብተሬ፣ ታውቂኛለሽ። ካምፒንግ የእኔ ነገር አይደለም። የዌርሃውሱ፣ የምሠራበት መጋዘን፣ ልጆች ናቸው ያመጡት። ስምንት ሆነን ቅዳሜ 15 ከፎርት ወርዝ ከተማ ባሻገር ያለ ሐይቅ ዳር ልናድር ነው። ድንኳን ተገኝቷል፣ ሥጋውም ታስቧል። ስሊፒንግ ባግ ግን ሁሉም የራሱን። የገዛሁትን ዘርግቼ ሳየው ሳሳብኝ። አንሶላ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ተካ፣ የቤት ተጋሪዬ፣ በረንዳ ላይ ሆነው አዩኝ። ቤት ኪራይ እየከፈልክ ውጭ የምታድረው ምን ጎድሎህ ነው አሉኝ።  መልስ አለኝ፣ ለእሳቸው ግን አይነገርም። አብራኝ የምትሠራው ም. ናት የጠየቀችኝ፣ እሺ ያልኩት ለዚህ ነው። ስሟን ሙሉ አልጽፍም፤ ጋሽ ተካ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ያነባሉ።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 5

መለስኩት። አፈርኩም። ሻጯ ጠና ያለች ሴት ናት፣ ለምን እንደምመልሰው ጠየቀችኝ። ሃምሳ ዲግሪ የሚል ገዝቼ ሳሳብኝ አልኳት። ሳትስቅብኝ አስረዳችኝ። ቁጥሩ የሙቀቱ አይደለም። እስከ ስንት ዲግሪ ፋራናይት ብርድ እንደሚችል ነው። ሶ... ይኸው፣ ለደብተር ስጽፍ እንኳን እንደ አሜሪካኖቹ ሶ ማለት ጀመርኩ። ለካ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሞቀው። እኔ ሃምሳ ከሃያ ይበልጣል ብዬ፣ ርካሽም ሆኖ ሳገኘው ደስ ብሎኝ፣ አንስቼ ወጣሁ።

ዋጋቸው ከቀነሰው መሃል አንድ የሃያ ዲግሪ አወጣችልኝ። ሰማያዊ። መያዣው ጥጉ ላይ ተቀዷል፣ ለዚህ ነው በግማሽ ዋጋ የሰጠችኝ። የመጨረሻው ነው አለች። ሌሎቹ ሃያዎች የእኔ ኪስ የሚችላቸው አይደሉም።

ለም. ልነግራት ፈልጌ ነበር። በዕረፍት ሰዓት አልመጣችም። የተመላሽ ዕቃ ክፍል ነው የምትሠራው፣ ሰሞኑን ሥራ በዝቶባቸዋል። ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ቦታ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ብርቱካን ስትልጥ ግማሹን ሳትጠይቀኝ ነው የምትሰጠኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ብርቱካን የለም። ናፈቀችኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ኖቬ. 7

ቴክስት አደረገች! ነገ ስሊፒንግ ባግ ስትገዛ አብሬያት እንድሄድ። አንተ ብትኖር ደስ ይለኛል ትላለች። ስድስት ጊዜ አነበብኩት። መኪናዬን አጠብኩ። ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ጋሽ ተካ ፀጉሬን ልብ ብለው አዩ። 

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 8፣ ከሰዓት

 ሁሉንም በተራ ልጻፈው።

አርሊንግተን ያለው፣ ረቡዕ የመለስኩበት ሱቅ ሄድን። ሦስት ስሊፒንግ ባግ አወረደች፣ መሬት ላይ ዘረጋቻቸው፣ ግባና ሞክርልኝ አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሰው በላያችን እየተራመደ ያልፋል፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ተንበርክካ ዚፑን ራሷ እስከ አገጬ ድረስ ዘጋችው። እግርህ ይደርሳል? ትከሻህን ይይዝሃል? እያገላበጠች ታየኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቀልኝ ሰው አላስታውስም። ለእኔ መስሎኝ ነበር። ደስታዬን እንዴት ልንገርሽ፣ ደብተሬ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «በቁመት ልክ እንደ ሮቤል ነህ። ትከሻችሁም አንድ ነው። ላንተ ከሆነ ለእሱም ይሆናል።»

ሮቤል እጮኛዋ ነው። ታምፓ፣ ሙቁ አገር፣ ነው የሚኖረው። ዓርብ ይመጣል፣ ሐይቁ ጋም አብሮን ያድራል። ለማንም አልነገረችም፤ ሽማግሌ ሳይላክ ወሬው እንዳይቀድም ብላ። «ፕሊስ፣ ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ» አለችኝ። እጆቼ ውስጥ ናቸው፣ ዚፑ ተዘግቷል፣ መነሳት እንኳን አልቻልኩም። ተጋድሜ እንኳን ደስ አለሽ አልኩ።

መንገደኛ አስቁሞ ላልመጣ ሰው ጫማ ማስለካት የእኛ ልማድ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ለታላቅ ወንድሜ ስንት ሱሪ ተለክቻለሁ። ዛሬ ግን ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

የሚከፋው ገና ነው። አረንጓዴውን አነሳች። የሃምሳ ዲግሪው፣ የመለስኩት ዓይነት። ምናልባት ራሱ የመለስኩት። «ሃምሳው ይሻላል አይደል? ማለቴ፣ የበለጠ ይሞቃል?» አለችኝ።

ይሻላል አልኩ።

እሑድ፣ ኖቬ. 9

ቤ/ክ አልሄድኩም።

ቴክሳስ ነው። ማን ይበርደዋል? ቢበርደውስ፣ አንድ ሌሊት ነው። ጃኬት የለውም እንዴ? ደግሞስ እሷ ራሷ ናት የመረጠችው። እኔ አንድ ቃል ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬ. 11

ብርቱካን ሰጠችኝ። ግማሹን፣ እንደ ድሮው። ለሮቤል ስለ እኔ ነግራዋለች። አመሰግናለሁ በይልኝ ብሏታል። ብርድ አይስማማውም አለች፣ ሲመታው ደረቱን ያፍነዋል፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው እንደዚያ የተጨነቅኩት፣ አንተ ባትኖር ምን እገዛ ነበር አለችኝ።

ብርቱካኑን ሳልበላ ኪሴ ከተትኩት።

የአየሩን ትንበያ አየሁ። ቅዳሜ ብርድ ይገባል ይላል፣ ውሃ በረዶ ወደሚሆንበት የተጠጋ። ስልኬን ደጋግሜ ከፈትኩ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 13

ከሥራ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ርካሽ ሃያ የለም። ሻጯ አስታወሰችኝ፣ የመጨረሻውን አንተ ነህ የወሰድከው አለች።

ለም. መልእክት ጻፍኩ። ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሞቀው። ይኸው ነው፣ አንድ መስመር። አጠፋሁት። መቼ አወቅክ ብትለኝስ? ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ።

ለጋሽ ተካ የሰው ታሪክ አስመስዬ አወራኋቸው። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አደረገ ብዬ። ሽንኩርት እየከተፉ ሰሙኝ። ጓደኛህ ፀጉሩን የተቆረጠው ባለፈው ዓርብ ነው? ብለው ጠየቁኝ። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ልጅቷን ትወዳታለህ። እሺ፣ ውደዳት። ሰውዬው ግን ምን አደረገህ?»

ምንም። ስሙን እንኳን ከሰማሁ አንድ ሳምንት አልሞላኝም። በልቤ ስንት ክረምት ብቻዬን ምሳ እንደበላሁ ቆጠርኩ፣ ያንን ሁሉ በእሱ ላይ ልጭን ነበር። እሱ ደግሞ በአውሮፕላን እየመጣ ነው፣ በእኔ ልክ የተገዛ ስስ ጨርቅ ውስጥ ሊተኛ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 15፣ ጠዋት

አዲሰን ከተማ፣ የም. አፓርትመንት በር ላይ። ፓርክ አድርጌያለሁ። በእኔ መኪና ነው የምንሄደው፣ ቀድሜ ቃል ስለገባሁ። ሃያ ደቂቃ ቀደም ብዬ ደርሻለሁ፣ መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍልሽ።

ንፋሱ መኪናውን ይነቀንቃል። ሰማያዊው አጠገቤ ነው። ስወጣ ጋሽ ተካ በሩ ላይ ጠብቀው ብርድ ልብሳቸውን ሰጡኝ። አልጠየቅኳቸውም። አላስረዳኋቸውም። «ላንተ ነው» ብቻ አሉ።

ወስኛለሁ። ሰማያዊውን እሰጠዋለሁ፣ አረንጓዴውን እኔ እወስዳለሁ። ተሳስቼ ነው አልልም። ቁጥሩን ያኔም አውቀው ነበር፣ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። እሱ ፊት። ለምን ካለችኝ፣ ከፋኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው አንቺ ጋ ይቅር፣ ደብተሬ። ከዛሬ በኋላ ብርቱካን ላይኖር ይችላል። ይህን ስጽፍ ዓይኔ ሞላ።

ወጡ። ደረጃው ላይ ናቸው። አረንጓዴውን በብብቱ ይዟል፣ የለበሳት ጃኬት ስስ የታምፓ ጃኬት ናት። እውነትም እኩል ነን። ትከሻችንም አንድ ነው። ቆሙ። ዞራ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘጋችለት፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ በሁለት እጇ። እሱ ግን እጆቹ ውጭ ናቸው፣ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ...

አዩኝ። ልውረድ።