ስለ «ኮሚቴ» ትርጉም ለድልድይ አሠሪው ሊቀ መንበር

ለክቡር ቀኛዝማች አካለ ወልድ
የወንዛችን ድልድይ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና እመኛለሁ፤ ለበቅሎዎም እንዲሁ፣ በኮሚቴው ውስጥ እስካሁን ስትደክም ያየኋት እርሷን ብቻ ነውና። ይህን በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች አሁንም ስብሰባ እየጠበቁ ስለሆነ ነው።

እኔ ቢቸና ተመድቤ የመጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። «ኮሚቴ» ማለት አንድን ሥራ ለመፈጸም የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው ብዬ አስተምር ነበር፤ መዝገበ ቃላቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ድልድይ ሊያሠራ የተቋቋመውን ኮሚቴዎን ካየሁ ወዲህ ግን መዝገበ ቃላቱ መታረም እንዳለበት ስለተረዳሁ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በክረምት ኮሚቴው አይሰበሰብም። ከአባላቱ እኩሌታው የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ስለሆነና ወንዙ ሲሞላ መሻገር ስለማይችሉ ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም። ድልድይ ስለሌለ ስለ ድልድይ መነጋገር አልተቻለም። ደንብ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ።

፪ኛ/ በበጋ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ባለፈው ግንቦት አባላቱ በሙሉ ወንዙ ድረስ ወርደው፣ ጠጠሩ ላይ ድንኳን አስተክለው፣ ሙክት አሳርደው ሁኔታውን ከመረመሩ በኋላ፣ የበቅሎ ሰኮና የሚያርስ ውኃ እንኳ ባለመገኘቱ ድልድዩ አስቸኳይ አይደለም ብለው ወስነዋል። ለእኔም ጎድን ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ ከማዶ የምትመጣው ተማሪዬ ፅጌረዳ ገላው ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ልትፈተን ነበር። መስከረምን በሙሉ ደብተሯን በሻሽ ጠቅልላ ወንዙ ዳር እየወረደች ስትመለስ ከረመች። ውኃው ጎድሎ ስትሻገር ምዝገባው ተዘግቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩን ብለምንም አልሆነም። አባቷም ቤት ከምትቀመጥ ብለው ለባል ሰጧት፤ ሠርጉ በጥር ነው። በዚህ እጅግ አዝኛለሁ፤ ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት ቃል አጣሁ።

ስለዚህ «ኮሚቴ» ማለት ወንዝ ሲሞላ የማይሰበሰብ፣ ሲደርቅ የማይቸኩል የተከበሩ ሰዎች ማኅበር ነው ብዬ አስተምር ዘንድ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

ለማዶዎቹ አባላት ሰላምታዬን ወንዙ በፈቀደ ጊዜ ያድርሱልኝ።

ከወዲህኛው ዳር ሆኖ ጸጥ ብሎ የሚጠብቅ ታዛዥዎ፣
መምህር ገብረ ሕይወት ፋንታ
ታኅሣሥ ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የፅጌረዳ አባት ክቡርነትዎንና አባላቱን በሙሉ ለሠርጉ መጥራታቸውን ሰማሁ። ወንዙ ስለደረቀ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚሟላ አልጠራጠርም። ዳሱ ውስጥ ጊዜ ካገኙ «ኮሚቴ» ምን ማለት እንደሆነ ሙሽራዪቱን ይጠይቋት፤ አሁን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች።