የመናኸሪያው ተነሺዎች

ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኤልሳዕ፣ ጆሃንስበርግ

ሳሮ ነህ ወይ ልጄ? የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው መናኸሪያው ነው። ድምፅህ ከጠፋ ክረምቱ መጥቶ ሄደ። ይህን ወረቀት የሻንቶው ቶማ በአውሮፕላን ይዞልሃል፤ «ጠያይቄ አገኘዋለሁ» ብሎኛል።

መናኸሪያው በማርሽ ባንድ ሲመረቅ ታስታውሳለህ። ጣሪያውን አገር ይየው ብለው እጅግ ከፍ ስላደረጉት፣ ዝናቡ በጎን እየገባ ከተሳፋሪው ጋር ወረፋ ይይዝ ነበር። ቢሆንም ኮራንበት። የአረካ ሰው እንኳ ጉዳይ ሳይኖረው ሊያየው ይመጣ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ወር ስብሰባ ጠሩን። ሰብሳቢው ክራቫቱን አስተካክሎ፣ «በግቢው ሻይ ቤትና ሱቅ ያላችሁ በሙሉ ተነሺዎች ናችሁ» አለ። እኔ በአክብሮት ተነሣሁ። ከኋላዬ ያሉትም ተነሡ። «ይቀመጡ አባቴ» አለኝ።

በወላይትኛ አስቤ በአማርኛ የምሰማ ሰው ነኝና፣ መነሣት ለእኔ ማደግ ነው። እሁድ በጉባኤ መሃል ቆሜ «ጌታ ቤቴን ሊያነሣ ነው» ብዬ መሰከርኩ፤ ምእመናን «ሃሌሉያ» አሉ። ሰኞ ጫማ ሻጩ ጎረቤታችን ብሩ ነው ያረዳኝ፤ «ጋሽ ኤርካሎ፣ የሚያነሣን እኮ ዶዘር ነው።»

አሁን ጣሪያው ወርዷል። አውቶቡሶቹ ፍርስራሹ ዳር ያራግፋሉ። የእኛን ሻይ ቤት ለኅዳር ቀጥረውታል፤ ምትክ ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። እናትህ ግን ወይ ፍንክች።

«ልጄ ከአውቶቡስ ወርጄ ቀጥታ ሻይ ቤት እገባለሁ ብሏል። ወርዶ ቢያጣንስ?»

«አስናቀች፣ የጆሃንስበርግ ሰው በአውሮፕላን ነው የሚመጣው።»

«አውሮፕላኑ ሻይ ቤቴ ደጅ ያርፋል?»

ትናንት በርጩማዋን ዶዘሩ ፊት አኑራ ተቀመጠች። ሹፌሩ «እማማ፣ ገለል ይበሉልኝ» ሲላት «ልጄ ይምጣና» አለችው። በቀጠሮው ቀን በፖሊስ ያስወጧታል ይላሉ። ጎትተው እንዳይጥሏት ነው ፍርሃቴ።

ና አልልህም። በብሩ ስልክ ደውልና «እናቴ፣ የትም ብትሄዱ አገኛችኋለሁ» በላት። ከአንተ ሌላ የማንንም አትሰማም።

እኔ እንኳ አልተጨነቅኩም። በየቀኑ መናኸሪያው የምሄደው ለእናትህ ምሳዋን ላደርስ ነው። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን የማየው ደግሞ ሰው እንዳይጋፋኝ ብዬ ነው።

ጦሲ አምላካችን ከክፉ ይሰውርህ፤ የእናትህ ጸሎት በመንገድህ ይቅደም።

አባትህ
ኤርካሎ ቦልቴ