ጢም የሌለው ማኅተም

ግላሻዬ፣

በኖቭጎሮድ ቁፋሮ ያገኘኋት ሳንቲም የምታህል ማኅተም ዛሬ አፏን ከፈተች! መቼም መሳፍንቱ ማኅተማቸው ላይ የሚያስቀርጹት በስሙ የተጠመቁበትን ቅዱስ ምስል ነው። አለቃችን ማትቬይ ኩዝሚች ጭቃው ሳይነሳ «የመስፍን ነው» ብለው መዝግበዋታል።

«የምስሉ ጢምስ የታለ?» አልኳቸው።

«ስምንት መቶ ዓመት ብትቀበሪ አንቺስ ምን ይተርፍሽ ነበር? ምስሉ የሴት ቅድስት ከሆነ፣ ስለ ማኅተሟ የሚታተመውን የምርምር ጽሑፍ አንቺ ጻፊው!» ብለው ሳቁብኝ።

በብሩሽ ቀስ ብዬ ስጠርጋት ሻሽ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ «ዩፊሚያ» የሚል የቅድስት ስም! ባለቤቷ ሴት ናት ማለት ነው፤ ልዕልቲቱ በገዛ ማኅተሟ ታዝ ነበር። በእኛ በትቬር ሙዚየም ሥዕሎች ላይ ያሉት ልዕልቶች ግን ዛሬም ጥልፍ ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው። ማትቬይ ኩዝሚች ኮፍያቸውን አውልቀው መዝገቡን ዘረጉልኝና «በይ የኔን ስህተት ሰርዢ፣ እመቤቴ» አሉኝ። «መስፍን» የሚለውን ሰርዤ «ልዕልት» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ የምርምር ጽሑፉ ላይ የሚወጣው የእኔ ስም ነው በያቸው!

ታይሲያ