አባባ በሩሲያኛ ያሉህ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ ስለማታነሳልኝ ነው የምጽፍልህ። ወደ ወደቡ የሚመላለሰውን የአውቶቡስ ሾፌር እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ።

አባባ አሉ። ቀኝ እጃቸው እንደዛለ ነው፤ አማርኛቸውም አልተመለሰም። ሐኪሙ ስትሮክ አንዳንዴ የአፍ መፍቻውን ወስዶ በኋላ የተማሩትን ይተዋል ብሎኛል። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ሩሲያኛ ግን አልጠፋም። እኔ ደግሞ ከሩሲያኛ «አዎ»ንና «አይ»ን ብቻ ነው የማውቀው። ውሃ ሲሉኝ ትራስ አቀብላለሁ፣ ትራስ ሲሉኝ መስኮት እከፍታለሁ። ይናደዳሉ፤ እኔም እናደዳለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ይደክመናል። ጠዋት አጥቤ፣ አገላብጬ፣ አብልቼ ወደ ፋርማሲው እሮጣለሁ። ትናንት ደንበኛ እያናገረኝ ቆሜ አንቀላፋሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስልክ ያነሳህልኝ ዕለት አፋቸው ላይ የያዝኩልህ አንድ ነገር እየደጋገሙ ስላስጨነቁኝ ነበር። «ፕሪሾል ቢ ኦን» አሉህ። አንተ፣ «‹እሱ ይመጣ ነበር› ነው የሚሉት። ‹ሰው ቢሆን ኖሮ› ሊሉ ነው። አሁንም ስድብ!» አልክና ዘጋህብኝ። አልፈረድኩብህም። መምህርነቱን ትተህ የወደብ ክሬን ነጂ የሆንክ ጊዜ ምን እንዳሉህ እኔም ሰምቻለሁ። ግድግዳችን ስስ ነው።

ባለፈው እሑድ ግን ቲቸር መጡ፤ ከአባባ ጋር ያስተምሩ የነበሩት፣ አንተንም በልጅነትህ የሩሲያኛ ፊደል ያስቆጠሩህ ሴትዮ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። አባባ ያንኑ ደገሙት። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድምሽ ምን ብሎ ነው የተረጎመው?»

ነገርኳቸው።

«አይ ያ ልጅ! ክፍል ውስጥም ጨዋታ ያበዛ ነበር። ስሚኝ ልጄ፤ ‹ኦን ቢ ፕሪሾል› ቢል፣ እሺ፣ ‹እሱ ይመጣ ነበር› ይሆናል፤ ‹ግን› የሚል ያስከትላል። አባትሽ ‹መጣ›ን አስቀደመ፣ ‹ቢ›ን ከኋላው አስከተለ፣ ‹እሱ›ን መጨረሻ አመጣ። የእኛዋ ‹ቢ›፣ የ‹ቢመጣ›ዋ፣ ግሡ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። የእነሱዋ ግን ትዞራለች። ቃላቱ ቦታ ሲለዋወጡ ነገሩም ይለወጣል።»

«ታዲያ ምን ማለታቸው ነው?»

«‹ምነው በመጣ!› ነው የሚለው። ምኞት ነው ልጄ። ወቀሳ የለበትም።»

ከዚያ ወደ አባባ ዞረው በሩሲያኛ ጠየቋቸው። ማን እንዲመጣ ነው የምትፈልገው ማለታቸው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። አባባ ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ፣ «ጉንጬ» አሉ።

ስሙን ታውቀዋለህ። ጉንጭህ ክብ ሳለ እሳቸው ብቻ ይጠሩህ የነበረበት። ከታመሙ ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቃል ነው።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ አላውቅም። የማጥባቸው እኔ፣ የማነሳቸው እኔ፣ የተጠራው ስም ያንተ! ቲቸር ተከትለውኝ ወጡ። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉኝና ወጥ ቤት ገብተው ሳህኖቹን ማጠብ ጀመሩ።

ወንድም ጋሼ፣ አባባ ይቅርታ ይጠይቁሃል ብዬ አልዋሽህም። ምናልባት መጥተህ እንደገና ትጣሉ ይሆናል። ተጣሉ! ቢያንስ ትግባባላችሁ። የክፍሌን አልጋ አንጥፌልሃለሁ። እኔ አንድ ሌሊት ሳልነቃ መተኛት እፈልጋለሁ፤ ወገቤ አልቻለም፣ ልቤም እየዛለ ነው።

«ብትመጣ ደስ ይለን ነበር» ብዬ ልጨርስ ነበር። ተውኩት።

ና።

የደከማት እህትህ