በእጄ የተኮስኩት አንሶላ

ጉርዲፔ፣ ሆዴ፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነ። የግቢያችን የኒም ዛፍ አንድ ቅርንጫፉ በንፋስ ወድቆ የውሃውን ታንከር ሰንጥቆታል። ልጅህ ሲምራን ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ የሞተር ሳይክልህን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትውለው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ከሙት ዓመትህ ቀን ጀምሮ የወንድምህን ስም መስማት አልፈልግም።

እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሴቶቹን ሰብስበን በነፃ የጀመርነውን ትምህርት አልተውኩትም። ታስታውሳለህ፣ ከዚራ ሰፈር በተከራየነው የሲኮች ጸሎት ቤት የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሴቶች ብቻ መጡ፤ ሁለቱ ለምን እንደተጠሩም አላወቁም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማሽን የሚጠግኑ ባሎቻቸውን ተከትለው ከአገርህ ከፑንጃብ መጥተው፣ ፓስፖርታቸው የት እንደተቀመጠ እንኳ የማያውቁ። አንተ ሻይ ታፈላለህ፣ እዚሁ ድሬ የተወለድኩት የሲክ ልጅ እኔ እለፈልፋለሁ። ሃይማኖታችን ሴትን ከወንድ እኩል እንዳደረጋት፣ ሴቶች ሁላችንም ካውር የምንባለው በባል ስም እንዳንጠራ መሆኑን ስነግራቸው፣ ማንጂት የምትባለው አዲስ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ወንድምህን ባልዊንደርን ማይክ ሲይዝ ታውቀዋለህ። ሴቶቹ ጓዳ ቂጣ ሲጋግሩ እሱ አዳራሹ ውስጥ ለወንዶች ስለ ሴቶች እኩልነት ይሰብካል። አንተ ከት ብለህ ትስቅ ነበር፣ እኔ በጥርሴ። ደግሞ እወደው ነበር። አምስት ዓመት ቤታችን ሲኖር ሸሚዙን አጥቤለታለሁ፣ ሲታመም ሾርባ አጠጥቼዋለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ነው እል ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ አንድ ትልቅ ነጭ አንሶላ ይዞልኝ መጣ። መጋላ ገበያ ከጓደኛዬ ከሀሊማ ሱቅ የገዛው ነው። ለጸሎቱ ቀን ስለሆነ አሳምሪው አለኝ። ለጸሎት ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ እናነጥፍ የለ? ለዚያ መሰለኝ። አጠብኩት፤ መብራት ስላልነበረ በዚያ ሙቀት በከሰል ካውያ ተኮስኩት፤ ጠርዙ እንዳይተረተር በእጄ ቀመቀምኩት። ሰው አንተን ሊያስብ የሚቀመጥበት ነው እያልኩ።

ጸሎቱ ሲያልቅ አንዱ ሽማግሌ ተነሱ። የሟች ሚስት ሜዳ ላይ አትቀርም፣ ጉርዲፕ አገር ቤት ያለው መሬትም ከቤተሰብ አይወጣም አሉ። ገና ያን ጊዜ ገባኝ። በእናንተ አገር መንደሮች ባል ሲሞት ወንድሙ በመበለቲቱ ራስ ላይ አንሶላ ይጥላል፤ ከጣለ ሚስቱ ሆነች። እሑድ እሑድ ይሄ የመሬት ጉዳይ እንጂ የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም እያልኩ የማስተምረው እሱኑ ነው። ባልዊንደርም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶታል። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ጅብ በሚያውቁት አገር ነው፣ ያውም ቁርበቱን ለእኔው አስተኩሶ።

ባልዊንደር አንሶላውን ራሴ ላይ ጣለው። የገዛ ሳሙናዬ ሸተተኝ። እጁ ትከሻዬን ሲነካ ሰውነቴ ቀፈፈው፤ ሸሚዙን ያጠብኩበት እጄ ራሱ አስጠላኝ። ጉርዲፔ፣ አንተን አልደብቅህም፤ ለትንሽ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ሌሎቹን እምቢ በሉ ስል የኖርኩ ሴት፣ ከልማድ ብዛት እንደተሸፈንኩ ተቀመጥኩ። ከእሱም በላይ ራሴን ተጠየፍኩ።

ከአንሶላው ስር የሲምራን ጫማ ታየኝ። ልጅህ ፊት ለፊቴ ቆማ ምን እንደማደርግ ትጠብቃለች። ገፍፌ ተነሳሁ። አንሶላውን ጠቅልዬ ጓዳ ገባሁ፤ ለእንግዳው የተቦካው ሊጥ ሳይከደን ዝንብ ወሮታል። አንሶላውን አለበስኩት። ካስተማርኳቸው ሴቶች አንዷም ተከትላኝ አልተነሳችም፤ ይሄም ያቃጥለኛል።

በማግስቱ ለሀሊማ ነገርኳት። አቦ ወላሂ እኛም ጋ አለ፣ የሟች ሚስት ከፍየሎቹ ጋር ትወረሳለች፣ ለዚህ መሆኑን ባውቅ አልሸጥለትም ነበር አለችኝ። ባልዊንደር ደግሞ ልጠብቃት ብዬ አዋረደችኝ እያለ በየቤቱ ያለቅሳል። ሽማግሌዎቹ የአዳራሹን ቁልፍ መልሺ አሉኝ፤ መለስኩ።

ያለፈው እሑድ በግቢያችን ኒሙ ስር ተሰበሰብን። ማንም አይመጣም ብዬ አንድ ምንጣፍ ብቻ ነበር ያወጣሁት። ሀሊማ መጣች፣ ሁለቱ የድሮዎቹ መጡ፣ ከዚያ ማንጂት ብቻዋን በባጃጅ መጣች። ቁጭ ሳትል፣ ባሌን ፓስፖርቴን ስጠኝ አልኩት፣ እምቢ አለኝ፣ አሁንስ ወዴት ነው የሚኬደው ብላ ጠየቀችኝ። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ።

አንሶላው ጓዳ ነው፤ ሊጥ እሸፍንበታለሁ። መሬትህ የሲምራን ነው፤ እስኪሰጧት አልተዋቸውም። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ምንም ሳላነጥፍ ኒሙ ስር አስብሃለሁ፤ ሻዩንም አንተ እንደምታፈላው አፈላዋለሁ። ያገባሁት አንተን ነው እንጂ ቤተሰብህን አይደለም። የማንም ውርስ አይደለሁም።

ሀርፕሪት ካውር