ጠርዙን ብቻ የለኩት የዶክተር ሰርፀ ሕሩይ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሰርፀ ሕሩይ ከአባታቸው ከአቶ ሕሩይ ወልደ ሐዋርያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉጌጥ ዓለም፣ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ተዳፋት ላይ ተወለዱ። ዘመኑ እናታችን እንደነገሩን ኅዳር 1953 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርታቸው 1955 ይላል። የክርስትና ካርዳቸው ደግሞ ውኃ ገብቶበት ቁጥሩ አይነበብም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ታናሽ እህታቸው ሐመልማል ነኝና እናታችንን ማመን መርጫለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በእንጦጦ ማርያም ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ሁለተኛ ደረጃን በየቀኑ ስድስት ኪሎ ድረስ በእግራቸው እየወረዱና እየወጡ ጨረሱ። በ1971 ዓ.ም. አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ገብተው በ1976 በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። በዚያው ዓመት የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቼኮዝሎቫኪያ በመሄድ፣ በፕራግ ከተማ እስከ ዶክትሬት ተምረው በ1984 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የተማሩት ምን እንደሆነ እዚህ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ሰርዣለሁ። ባልደረቦቻቸው በላኩልኝ ወረቀት ላይ «የጠርዝ ክፍልፋይ ስሌት» ይላል። ሌሎች መሐንዲሶች አንድን ግድብ ወይም ኮረብታ በኮምፒውተር ሲመረምሩ ሁለመናውን፣ ውስጡንም ላዩንም፣ በሺህ ቁራጭ ይከፋፍሉታል። ጋሼ ሰርፀ የሚከፋፍሉት ጠርዙን፣ ማለትም የውጭ ገጹን ብቻ ነበር። በጠርዙ ላይ ያለው በትክክል ከታወቀ፣ በውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ ሳይቆፈር በስሌት ይገኛል ይሉ ነበር። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሠላሳ ዓመት ጠየቅሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሰለቹ አስረዱኝ። አልገባኝም። ባለቤታቸውም አልገባቸውም፤ «እኔንም እንደዚያ ከውጭ እያዩ ነው የሚያውቁኝ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከ1985 እስከ 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ መምህርነት አገልግለዋል። በ2013 ጡረታ መውጣት ሲገባቸው፣ ፓስፖርቱ አልደረሱም ስላለ ሁለት ዓመት ጨምረው አስተማሩ። ሰው ሁሉ ወንድምሽ ምን ሠሩ እያለ ይጠይቀኛል። ድልድይ የለ፣ ሕንፃ የለ። የሠሩት ቁጥር ነው። እኔም እንዲህ ብዬ ስመልስ ግራ ይገባኛል፤ የሚሰማኝም ግራ ይገባዋል።

በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሶሬቲ ፍሮምሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1989 ልጃቸውን ፊልሞናን ወለዱ። በ2008 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ቤተሰባቸውን ይዘው የካ አባዶ ገቡ። ወደ ሥራ ሲሄዱም ሲመለሱም በየታክሲ ሰልፉ በጋዜጣ ኅዳግ ላይ ያሰሉ ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ ሰልፉ አልፏቸው ይሄድ ነበር። የወላጆቻችን ቤት ለእኔ ቀረ።

ጡረታ በወጡበት በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ እኔን ሊጠይቁ መጥተው ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፉ መሐል አንድ ስንጥቅ አዩ። አራት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። እኛ የፍየል እግር የሚሰበርበት ነው ብለን የተውነው ነበር። እሳቸው ግን ሜትር፣ ችካልና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ይዘው ተመለሱ። ተዳፋቱን ዙሪያውን እየለኩ በየድንጋዩና በየአጥሩ ላይ ቁጥር ጻፉ።

በዚህ ከተማ በአጥር ላይ የተጻፈ ቀይ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያ ሳምንት በተዳፋቱ ላይ የሚኖረው አሥራ አራት አባወራ ሁሉ ቤታችን ሊፈርስ ነው ብሎ ተተራመሰ። ወረዳ ቢጠየቅ አናውቅም አለ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራ። ጎረቤታችን አቶ ልደቱ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሳይደርስባቸው ብለው የገዛ ቆርቆሯቸውን ራሳቸው ነቀሉ። አምስት ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወጣ።

ወንድሜ በስሌታቸው የደረሱበት ነገር፣ በክረምት ውኃ ስንጥቁን ከሞላው ተዳፋቱ በቤቶቹ ላይ ሊወርድ ይችላል የሚል ነበር። ስለዚህ የፈለጉት ሰው እንዲወጣ ነው፤ ሰውም እየወጣ ነበር። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን እድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ የሚያፈርስ መንግሥት የለም፣ የምፈራው አፈሩን ነው ብለው ተናገሩ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ በርናባስ የስሌቱን ውጤት በቁጥር ጠየቋቸው። ከአንድ በላይ ከሆነ ተዳፋቱ ይቆማል፣ ከአንድ በታች ከሆነ ይሄዳል አሉ። ስንት ነው ቢባሉ፣ ስንጥቁ ባለበት ከቆየ አንድ ነጥብ ዜሮ አራት፣ ከሰፋ ግን ከአንድ በታች ብለው መለሱ። «ታዲያ ከአንድ በላይ ነው እኮ!» ተብሎ ተሳቀ። የወጡት አምስቱም ተመለሱ። አቶ ልደቱ ቆርቆሯቸውን መልሰው መቱ፤ እስከ ዛሬም ያፈሳል።

ለምን እውነቱን ተናገሩ ብዬ ተቆጣሁ። «በቀለሙ ፈርተው ቢወጡ፣ ሐሰት መሆኑን ሲያውቁ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል፣ አንቺ ሐመልማል?» አሉኝ። እሺ አላልኩም። አንቺ እንኳ ውጪ ሲሉኝም እሺ አላልኩም። ቤቱ ካርታ የለውም፤ ለቅቄው ብሄድ ማን እንደሚገባበት አላውቅም፤ እናታችንም ያረፉት እዚያው ቤት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ሕመም ስለጠናባቸው ዳገቱን መውጣት ተከለከሉ። ከዚያ በፊት በስንጥቁ ግራና ቀኝ ጠርዝ ሁለት ሚስማር መትተው ስለነበር፣ በየወሩ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክቼ በስልክ እንድነግራቸው አደራ ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ወጥቼ ለካሁ። ከዚያ በኋላ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር፤ ደግሞም ተቀይሜ ነበር። የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ይደውላሉ፤ «አራት ነው፣ ጋሼ፤ እንዳለ ነው» እላለሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ አራት ነው አልኳቸው፤ ሚስማሩን ግን አላየሁትም።

እሳቸውም የነገርኳቸውን እያስገቡ ሲያሰሉ ከረሙ። ፊልሞና እንደነገረችኝ፣ የእኔን አራት ከዝናቡ ጋር ማስታረቅ አቅቷቸው በየወሩ መነሻውን ያፈርሱና እንደገና ይጀምሩ ነበር። በመጨረሻ ባለፈው ሰኔ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ «እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰዉን በከንቱ አስፈራሁት፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት የእድሩ ሰዎች፣ ድንኳኑ እትብታቸው በተቀበረበት ግቢ ይተከል ብለው ወደ ቤቴ መጡ። ወጉ ይህ ስለሆነ እሺ አልኩ። እነሱ ቋሚውን ሲያስገቡ እኔ ሜትሩን ይዤ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ አላውቅም፤ ምናልባት በመጨረሻ እንኳን አደራቸውን ልፈጽም ብዬ ይሆናል። በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ያለው አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ ውኃ ይታያል። ወርጄ ድንኳኑን አስነቀልኩ። ሰዎቹ ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ብለዋል፤ አልፈረድኩባቸውም።

ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ወንድሜ ይቅርታ ጠይቂልኝ ያሉኝን አልጠይቅላቸውም፤ አልተሳሳቱም። የተሳሳተውን ቁጥር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ይቅርታውን የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ እናንተን እንኳ ቆሜ መጠየቅ እችላለሁ፤ እሳቸውን ከእንግዲህ እንዴት እንደምጠይቅ አላውቅም።

ዶክተር ሰርፀ ሕሩይ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነበሩ። ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከእኔ ሌላ፣ ዛሬ በዚህ ቀብራቸው ላይ የቆሙ አሥራ አራት አባወራዎች በሕይወት አሉ። ለቅሶ የምንቀመጠው የካ አባዶ፣ እሳቸው በኖሩበት ሕንፃ ሥር ነው። አውቶቡሶቹ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመዋል፤ ሲወርዱ በየደጃችን ይቆማሉ። ልጆቻችሁን፣ ሕመምተኞቻችሁንና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሌላው ይቅር። የእኔ በር ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይግባበት አልል፣ ማንም አይግባበት።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ዝናቡንም አውቶቡሶቹ እስኪያልፉ ድረስ ይያዝልን።