ኦሳካ ይዤው የዞርኩት መርዶ

ዓርብ፣ ኦሳካ

በእኔ ስልክ ሲደወል ገባኝ። ሰናይት የብሩክ እህት ናት፤ የምትደውለውም ለወንድሟ እንጂ ለእኔ አይደለም። እሱ ሻወር ቤት ገብቶ ያንጎራጉራል። ከሎስ አንጀለስ ከገባን ሻንጣችንን እንኳን አልፈታንም። ውጭ ዶፍ ይወርዳል።

"አጠገብሽ አለ?" አለች። የለም ስላት ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እማማ አስካለ አርፈዋል። የባሌ እናት። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፣ ደከመኝ ብለው ጋደም አሉ፣ በዚያው ቀሩ። ቀብሩ ነገ እዚያው ናዝሬት ነው።

"እንዳትነግሪው" አለችኝ ሰናይት። "ሰው አገር፣ ብቻውን፣ ወገን በሌለበት! ለጋሼ ሰይፉ ደውለናል። ስትመለሱ እነሱ ያረዱታል።"

ብቻውን? እኔ ታዲያ ማን ነኝ፣ ሻንጣው? በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ እሺ አልኩ።

ወዲያው ጋሼ ሰይፉ ራሳቸው ደወሉ። የኤል.ኤ. ሐበሻ ሰፈር ፌርፋክስ አካባቢ መርዶ ካለ እሳቸው ናቸው የሚያረዱት። ማልደው ሲያንኳኩ ያየ ሰው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የሚጮኸው። አንዴ መኪናቸው የሰው መውጫ ዘግቶ ሊጠይቁ ቢሄዱ ሴትዮዋ በር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች ይባላል። "ስሚ ልጄ" አሉኝ፣ "መርዶ በሆቴል አይነገርም። ሰው ይወድቃል፤ የሚይዘው ያስፈልጋል። ሁለት ቀን ነው፣ ቻይው።"

ይኸን ሁሉ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ብሩክ አሜሪካ በገባበት ዓመት አባቱ ሞተው ቤተሰቡ ደብቆታል። ምንም ሳያውቅ ጫማ ገዝቶ ለአባቱ በሰው ላከ። ደረሰ ተባለ። ልክ ሆነላቸው ተባለ! ከስንት ጊዜ በኋላ ፌርፋክስ ላይ እንጀራ ሲገዛ አንድ በወጉ የማያውቀው ሰው "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው። ያንን ታሪክ ሲነግረኝ አንድ ነገር ለመነኝ፦ ሞት ከመጣ አንቺ እንዳትደብቂኝ። በማርያም ብዬ ምያለሁ።

ከሻወር ሲወጣ ሆቴሉ የሚሰጠውን ካባ መሳይ ቀሚስ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለልኝ። "ጃፓን መሰልኩ?"

ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ ጠዋት

ሽንት ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሆዴን አሞኛል ብዬዋለሁ፤ ውሸት አይደለም።

የዛሬ ሥራዬ፦
አለማልቀስ።
መብላት። ካልበላሁ ይጠይቃል።
ከስልኩ ማራቅ። ትናንት ማታ ዋይፋዩ ያስከፍላል ብዬ ዋሸሁት።
ፎቶ ስነሳ ጥርሴን ማሳየት።

ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ክፍል ነው የማዘጋጀው። እዚህ ያደርንበትም የዚያው ኩባንያ ሆቴል ነው፤ በሠራተኛ ቅናሽ ባይሆን ደጁንም አናይ። ከተጋባን አሥር ዓመት ሆነን። ጫጉላ የሚባል አላየንም፤ ሠርጉ እሁድ ነበር፣ ማክሰኞ ሥራ ገባን። ይቺ ሁለት ቀን ናት ጫጉላችን። እሱ ታክሲውን አቁሞ፣ እኔ ከሱፐርቫይዘሬ ጋር ተጨቃጭቄ ያገኘናት።

ስንት ሰው የተኛበትን አልጋ አንጥፌያለሁ። የተጣሉ ባልና ሚስት ያደሩበትን ሳየው አውቀዋለሁ፤ ሁለቱም ዳር ዳሩን ይይዛሉ፣ መሃሉ እንደተነጠፈ ያድራል። ዛሬ የራሳችንን አየሁት። ያው ነው።

እየጠራኝ ነው። ጥንታዊውን ቤተ መንግሥት በዝናብ እናየዋለን ይላል።

ቅዳሜ፣ ሲመሽ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለበለዚያ አብዳለሁ።

ቤተ መንግሥቱን አላየነውም ማለት ይቻላል፤ ጉም ውጦታል። ጫማችን ውሃ ጠጥቶ ይንቦጫረቃል። ብሩክ ግን ደስ ብሎታል። ዝናብ ይወዳል፤ ኤል.ኤ. ውስጥ ስንት ወር ሳይዘንብ ሲቆይ ይነጫነጫል። አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን፣ እሱ ወደ እኔ እያዘነበለው፣ ግማሽ ጎኑ በስብሶ ተጓዝን። ይኼን ደግነቱን ዛሬ መቻል አልቻልኩም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጃንጥላ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አየ። "ለእማ!" ብሎ ገባ።

ተከትዬው ገባሁ። ምን ላድርግ? እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ ሲዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይገባ እንደሆነ እየለካ። ለፀሐይም ለዝናብም የምትሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ይዛት የምትሄድ። "ሰማያዊው ይሻላል ወይስ ወይን ጠጁ? መሲ፣ ንገሪኝ እንጂ፣ አንቺ ነሽ ቴስቷን የምታውቂው።"

ወይን ጠጁ አልኩ።

"ቆይ፣ ኮል ላድርግላትና ራሷ ትምረጥ" አለና ስልኩን አወጣ። ለካ ጠዋት ሪሴፕሽን ጠይቆ ዋይፋዩ ነፃ እንደሆነ ነግረውታል። ሱቁ ውስጥም ዋይፋይ አለ።

"እዚያ እኮ ገና አልነጋም" አልኩት። "አትቀስቅሳቸው።"

አፌን በቆረጠው። አትቀስቅሳቸው!

እሱም እውነትሽን ነው ብሎ ስልኩን መለሰው። ሻጯ ጃንጥላዋን በወረቀት ጠቀለለች፣ ወረቀቱን ደግሞ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ፣ እንደ ሕፃን። ስትጠቀልል እንባዬ መጣ። ብሩክ በመሐረቡ ፊቴን ጠረገልኝ፤ ዝናቡ መስሎት።

ከሰዓት ልብስ ልንቀይር ሆቴል ተመለስን። እሱ ከታች ቡና ሊያመጣ ሲወርድ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ ነበር። በራ። ዳላስ ያለው የአክስቱ ልጅ ነው። "ብሬ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽና" እስከዚያ ድረስ ይታያል፤ የቀረው ሲከፈት ነው የሚመጣው። ፌስቡክም ላይ አንድ ሰው የእማማን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፏል። ምናለ አንድ ቀን ቢታገሱ! በኖሩበት ቀን ያልለጠፉላቸውን ፎቶ በሞቱበት ቀን ይለጥፉላቸዋል።

የአሳንሰሩን ድምፅ ሰማሁ። ስልኩን ነቀልኩና መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ከተትኩት። ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቼ ነበር፣ እግራችንን ልናሞቅ። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው፤ ወዲያው ጠፋ። ወጥቶ እንደገና እንዳይበራ እዚያው በእጄ ይዤው ቆየሁ።

ሲገባ አመለጠኝ አልኩት። ሰዓት ልይበት ብዬ አመለጠኝ። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አቅፎ፣ "ዕቃ አይደል እንዴ መሲዬ፣ ነፍስ አይደል። ኤል.ኤ. ስንገባ ሌላ እገዛለሁ።"

ነፍስ አይደል አለኝ።

ማታ አንድ ቦይ ዳር ካለ ትንሽ ቤት ገብተን እዚያው ፊታችን የሚጋገር፣ ጎመንና እንቁላል ያለበት ወፍራም ቂጣ በላን። "ይኼን ፌርፋክስ ላይ ብንከፍት ሀብታም ነን" እያለ ያስቀኛል። እኔ ሰዓት አያለሁ። ናዝሬት ያን ጊዜ እኩለ ቀን ነው። አሁን አወጧቸው፣ አሁን ደረሱ፣ አሁን አፈር እያለበሷቸው ነው እላለሁ። ልጃቸው ቢራውን አነሳና "ለአሥር ዓመታችን" አለ። አነሳሁ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

እሁድ፣ አየር ማረፊያ

ነገርኩት።

ጠዋት እርጥብ ልብሳችንን ይዘን ሆቴሉ አጠገብ ያለ ሳንቲም የሚበላ ላውንድሪ ገባን። ዝናቡ አላቆመም። ከእኛ ሌላ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ማድረቂያው ውስጥ ሱሪውና ቀሚሴ ሲገለባበጡ እያየን ተቀምጠናል። ዞር አለና፣ "ልትተይኝ ነው?" አለኝ።

አልገባኝም።

"ከዓርብ ጀምሮ ዓይኔን አይተሽ አታውቂም። ማታ እነካሻለሁ፣ ትሸሻለሽ። ስልክሽን ይዘሽ ሽንት ቤት ትገቢያለሽ። ሰው ካለ ንገሪኝ፣ ኦኬ? እዚህ ድረስ አምጥተሽኝ ደህና ሁን እንድትይኝ አልፈልግም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ እሱም የራሱን ጉድ ይዞ ነው የዞረው።

ጋሼ ሰይፉን ረሳኋቸው። ሰናይትን ረሳኋት። እንዴት አድርጎ እንደሚነገር አላውቅም፤ መርዶ መግቢያ አለው፣ ታመው ነበር ይባላል፣ ደክመው ነበር ይባላል። እኔ "እማ" ብቻ አልኩ። "እማ ናቸው፣ ብሬ።"

አልጮኸም። ተነሳ፣ ማድረቂያውን ከፈተ፣ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። ብሩክ በአሥር ዓመት አንድ ሸሚዝ አጥፎ አያውቅም።

"መቼ?" ዓርብ። "ቀብሩስ?" ትናንት። "ጃንጥላውን ስገዛ ታውቂ ነበር?" አዎ። አንድ ካልሲ ይዞ ጓደኛውን ብዙ ፈለገ። "ስልኩስ?"

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ሆን ብዬ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። ካልሲው ተገኘ፣ አጣመረው። አሮጊቷ ነገሩ ገብቷቸው መሰለኝ ቅርጫታቸውን አንስተው ደጁ ላይ ዝናቡን እያዩ ቆሙልን። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ቀሚሴን አጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረም። በረራችን እየተጠራ ነው።

እሁድ እንደገና፣ ኤል.ኤ.

በሰዓቱ ልዩነት እሁድ ከሰዓት ተነስተን እሁድ ጠዋት ገባን። ይቺን ቀን አንዴ መኖሩ አይበቃም ነበር?

አውሮፕላን ላይ የቀረበለትን ሁሉ በላ። የኔንም በላ። መስኮቱን እያየ። ፓልምስ ሰፈር፣ ቤታችን ስንደርስ ነው የተናገረው፦ "ጋሼ ሰይፉ መቼ ነው የሚመጡት?" ነገ ማለዳ አልኩት። "እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያቸው።"

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

እትዬ ጽጌ፣ የጋሼ ሰይፉ ሚስት፣ ደወሉ። "አላወቀም አይደል?" አላወቀም አልኳቸው። ዓርብ ለእሱ ዋሸሁ፣ ዛሬ ለእነሱ። ዞሮ ዞሮ ውሸታሟ እኔ።

ብሩክ ሳሎኑን ጠረገ። ሰው እንዲያስቀምጥ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠጋ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ቆየ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። ውሃ ብቻ ነው። ምነው ባለቀሰ! አንድ ሰው እናቱ ሞታ ካላለቀሰ ያ ነገር የት ነው የሚሄደው? እኔ ነኝ የዘጋሁበት እያልኩ ነው። ሁለት ቀን አፍኜ ይዤ፣ ማድረቂያ ፊት፣ በአንድ ቃል ወረወርኩበት።

ሰኞ

ገና ሳይነጋጋ ጋሼ ሰይፉ ወንዱንም ሴቱንም አስከትለው መጡ። ፓልምስ ፓርኪንግ የት አለና፣ ሰፈሩን ሁለቴ ዞረው ከሩቅ ነጠላቸውን እያጣፉ በእግራቸው ሲመጡ በመስኮት አየሁ። ጎረቤታችን ውሻዋን ይዛ ወጥታ ቆማ ቀረች።

ብሩክ በሩን ከፈተ። ገቡ። ተቀመጥ ልጄ አሉት ጋሼ ሰይፉ፤ ተቀመጠ። ሁለት ወንዶች ግራና ቀኙ ሆኑ፣ አንዱ ከኋላው። እኔ ደግሞ እንዳላወቀ ተናግሬ፣ እንዳወቀ ደብቄ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ።

"እናትህ ደከም ብለው ነበር" ብለው ጀመሩ፣ እንደ ደንቡ። ብሩክ አፍ አፋቸውን ያያል። ሰው ያን ያህል ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነና፣ ልጄ..."

"እማዬ!" አለ።

መጀመሪያ ማስመሰል መሰለኝ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። ወለሉ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት፣ ሲወራጭ አብረውት ወረዱ፣ ደረቱን ሊመታ ሲል እጁን ያዙት። አንዱ ግንባሩን፣ አንዱ ወገቡን። ሁሉም የት መያዝ እንዳለበት ያውቃል። ለቅሶውን ሴቶቹ ተቀበሉት። ቤቱ ተናወጠ።

ቀናሁ። መርዶ ነጋሪ ላይ የሚቀና ሰው አለ? እኔ ቀናሁ። እውነቱን የነገርኩት እኔ፣ ያለቀሰው ለእነሱ። ላውንድሪው ወለል ላይ ቢወድቅ ኖሮ ማን ነበር የሚይዘው? አንድ እኔ። አላመነኝም ማለት ነው? ወይስ አዝኖልኝ ነው ቆሞ የቀረው?

ረጋ ሲል ጋሼ ሰይፉ ወደ እኔ ዞሩ፣ በሰው ፊት። "ተባረኪ ልጄ። ይኸን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ! ቻልሽው።"

ሁሉም አየኝ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ብሩክ ፍራሹ ላይ ሆኖ ያበጠ ዓይኑን አነሳ። አሁን ይናገራል አልኩ።

"አዎ፣ ችላዋለች" አለ።

ረቡዕ፣ ሰልስት

ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ቃል ሳላምጣት። ችላዋለች። ማመስገን ነው? መርገም ነው? ከእሷ ሌላ የነገረኝ "ውሃ" ብቻ ነው። እሱ ከወንዶቹ ጋር ሳሎን ያድራል፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር መኝታ ቤት። ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ለማልቀስ ምክንያት አይጠፋም። የፌርፋክስ ሰው ድስት ተሸክሞ ይገባል፣ ባዶውን ይዞ ይወጣል። ሱፐርቫይዘሬ ቴክስት ታደርጋለች፤ አልመለስኩላትም።

ዛሬ ከሰዓት ከላስ ቬጋስ አንድ የድሮ ጓደኛው መጣ፣ አሁን ገና ሰምቶ። አልቅሶ አብቅቶ አጠገቡ ተቀመጠና የሚጠየቀውን ጠየቀ፦ "ማን አረዳህ?"

ጋሼ ሰይፉ አንገታቸውን አቀኑ። እኔ የሻይ ትሪ ይዣለሁ።

"ሚስቴ" አለ ብሩክ። "ኦሳካ እያለን። ልብስ እያደረቅን።"

ጋሼ ሰይፉ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። "እኛ ታዲያ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። "እናንተ ያዛችሁኝ" አላቸው ብሩክ። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ማገላበጥ ያዙ። እትዬ ጽጌ መጥተው ትሪውን ከእጄ ወሰዱ።

ብሩክ አላየኝም። ግን ፍራሹ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ።

ሽንኩርት ሽንኩርት እሸታለሁ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅር ያለኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ገና ምንም አላወራንም። ትከሻው ትከሻዬን ሲነካ ግን ማልቀስ ጀመረ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ያዝኩት። ከወንዶቹ ማንም እጁን አልዘረጋም።